ጎረቤት ያልሰማው ወግ

ጊልበርት ኋይት ኦገስት 4 ቀን 1767 (እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ለቶማስ ፔናንት በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ አንድ ቅሬታ አለ። እሱ የሚወደውን የሚወድ ጎረቤት በዕድሜው አላጋጠመውም። ጎረቤቶቹ ክፉ ሰዎች ነበሩ ለማለት አይደለም። ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ፣ ስለ ሰው ሞት አብረውት ሳያወሩ አይቀሩም። ነገር ግን አንዲት ወፍ በየትኛው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ዘፈነች ቢነግራቸው፣ በዛሬው አነጋገር፣ «እና ምን ይጠበስ?» የሚሉት ዓይነት ይመስለኛል። ስለዚህ በዌልስ ለሚኖር የተፈጥሮ ተመራማሪ መጻፍ ጀመረ።

ኋይት በደቡብ እንግሊዝ፣ ሃምፕሺር ውስጥ ሴልቦርን በምትባል መንደር በ1720 ተወለደ። አያቱ የዚያው ደብር ቄስ ነበሩ። ኦክስፎርድ ተምሮ ቄስ ሆነ፤ ሹመት ፍለጋ ሩቅ መሄድ ሲችል ወደ መንደሩ ተመለሰ፤ ሚስት አላገባም። ከ1751 ጀምሮ የአትክልት ቦታውን መዝገብ ይይዝ ነበር፤ ምን እንደ ዘራ፣ ስንት ጋሪ ፍግ እንደ ገባ፣ ውርጭ የቱን እንዳበላሸበት። መዝገቡን የሚያነብለት ሰው አልነበረም። ከፔናንትና ጥቂት ቆይቶ ከወዳጀው ከሕግ ሰው ዴይንስ ባሪንግተን ጋር መጻጻፍ ሲጀምር ግን አጻጻፉ ነፍስ ዘራ።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር የደብዳቤን ዋጋ በአብዛኛው የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር፤ ሂሳቡም በርቀቱና በወረቀቱ ብዛት ነው። አንድ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ስለ አይጥ ሲያነብ አስቡት። ኋይት ስለ አይጥ ጽፏል። በስንዴ ማሳ ውስጥ፣ ከስንዴው ቅጠል ኳስ የመሰለ ጎጆ የምትሠራ በጣም ትንሽ አይጥ አገኘ፤ ሁለቱን ሚዛን ላይ ቢያስቀምጣቸው የአንዲት የመዳብ ሳንቲም ያህል መዘኑ። በእንግሊዝ አገር ይህቺን አይጥ ለይቶ የገለጻት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ስለ ጉጉትም ጽፏል፤ የሙዚቃ ችሎታ ያለው አንድ ወዳጁ ጉጉቶች በየትኛው ድምፅ እንደሚጮሁ በመቃኛ ፉጨት ለክቶለት ነበር። ንቦች ይሰሙ እንደሆነ ለማወቅ ቀፏቸው አጠገብ ቆሞ በትልቅ የድምፅ ማጉያ ቀንድ ጮኸባቸው፤ ንቦቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። (ይህን ከውጭ ያዩ ጎረቤቶች ምን እንዳሉ ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።) ስለ ምድር ትል የጻፈው ደግሞ የሚያስገርም ነው። ሰው ሁሉ የሚንቀው ይህ ፍጡር አፈሩን ባይቦረቡርና ባያገላብጥ መሬቱ ጠጥሮ ፍሬ አልባ ይሆን እንደነበር በ1777 ጻፈ። ዳርዊን ስለ ምድር ትሎች መጽሐፉን ያወጣው በ1881 ነው።

የዕውቀቱ ዘዴ በአብዛኛው መቀመጥና ማዳመጥ ነበር። መልካቸው የማይለይ ሦስት ዓይነት ትንንሽ አረንጓዴ መሳይ ወፎችን የለያቸው በመጀመሪያ በዘፈናቸው ነው።

ደብዳቤዎቹ ተሰብስበው በ1789 «የሴልቦርን የተፈጥሮ ታሪክ» በሚል መጽሐፍ ወጡ፤ አሳታሚው ወንድሙ ቤንጃሚን ነበር። የሥነ ጽሑፍ ተማሪን የሚስብ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። የመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ለፔናንት የተጻፉ መስለው የቀረቡት ዘጠኝ ደብዳቤዎች ፖስታ ቤት ደርሰው አያውቁም። መንደሩን ለማስተዋወቅ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። አሥረኛው፣ ያ የጎረቤት ቅሬታ ያለበት፣ እውነተኛው የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። አንዳንዶች ይህን እንደ ማጭበርበር ያዩታል። እኔ አልስማማም። ኋይት ስለ መንደሩ አፈርና ጉድጓድ በድርሳን መልክ ቢጽፍ ማንን ያስደስታል? «ወዳጄ ሆይ» ሲል ግን ትንሹን ነገር የመናገር ፈቃድ ያገኛል። ሊቅ ለሊቃውንት ጉባኤ ስለ ኤሊ እንቅልፍ ለመጻፍ ያፍራል፤ ወዳጅ ለወዳጁ ሲጽፍ አያፍርም።

ኤሊዋ የአክስቱ ነበረች። ሲወርሳት በመጋቢት 1780 ከእንቅልፏ ሳትነቃ ከአፈር አውጥቶ፣ በሣጥን አድርጎ፣ በሠረገላ ወደ ሴልቦርን አመጣት። ቲሞቲ ብሎ ይጠራት ነበር፤ ወንድ መስላው። ሴት መሆኗ የታወቀው ከሞተች በኋላ ነው። ዝናብ ስትፈራ፣ ከመተኛቷ በፊት ስትቆፍር፣ በጸደይ ስትወጣ እየተከታተለ ጻፈ፤ እየመዘነም መዘገበ።

በአንድ ነገር ላይ እስከ መጨረሻው አልቆረጠለትም። እንግሊዞች ስዋሎ የሚሏቸው፣ ጭራቸው እንደ መቀስ የተከፈለ፣ ጣራ ሥር በጭቃ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች ክረምቱን የት ያሳልፋሉ? ወንድሙ ጆን በጂብራልታር ቄስ ሳለ ወፎች ባሕሩን ወደ አፍሪካ ሲሻገሩ አይቶ ጽፎለታል። ኋይት ግን ጥቂቶቹ እንኳ እዚያው እንግሊዝ ጉድጓድ ውስጥ ይተኙ ይሆናል የሚለውን ሐሳብ አልተወም። መልሱ የመጣው በ1912 ነው፤ ባለፈው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ እግሯ ላይ ቀለበት የታሰረላት ስዋሎ በዲሴምበር ወር ደቡብ አፍሪካ፣ ናታል ተገኘች። የዚያው ዘር ወፎች ከመስከረም በኋላ በኢትዮጵያም ሰማይ ይታያሉ። የእኛ አገር እረኛ ኋይት ዕድሜውን ሙሉ የጠየቀውን መልስ ቀና ብሎ ያየው ነበር።

ሌላም የማያውቀው ክር ነበር። በ1783 በጋ፣ ከጁን 23 እስከ ጁላይ 20፣ እንግዳ ጭጋግ ሴልቦርንን ሸፈነ። ፀሐይ በቀትር በደመና እንደ ተጋረደች ጨረቃ ደብዝዛ ታየች፤ ስትወጣና ስትጠልቅ ደም መሰለች። የታረደ ሥጋ በማግስቱ አይበላም። ዝንቡ ፈረሶቹን ሊያሳብዳቸው ደረሰ። ገበሬዎቹ ፈሩ። ኋይት ይህን ሁሉ መዘገበ፤ ምክንያቱን ግን አላገኘውም። በዚያው ጁን 8 ቀን በአይስላንድ ላኪ በሚባል ስፍራ መሬት ተሰንጥቆ እሳተ ገሞራ መፍሰስ ጀምሮ ነበር።

በ2006 የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ባወጡት ጥናት መሠረት የላኪ ጭስ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የየብሱን ሙቀት በመቀነሱ የአፍሪካን የክረምት ዝናብ አዳከመው። የናይል የክረምት ሙላት በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነውና ግብፅ ውኃ አጣች፤ ረኃብም ሆነ። የሴልቦርን ቄስ ስለ ዝንብና ስለ ሥጋ በጻፈባቸው ሳምንታት ዓባይ ጎሎ ነበር ማለት ነው።

በዚያ ጊዜ በጎንደር አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ነገሡ፤ «ፍጻሜ መንግሥት» የተባሉት፤ በ1784 ከዙፋን ወረዱ፤ ዘመነ መሳፍንት የሠለጠነባቸው ዓመታት ናቸው። የዜና መዋዕል ጸሐፊ ሥራው የንጉሥ ዘመቻና ሹም ሽር ነው። በዓላትንና አጽዋማትን የሚያሰላ የባሕረ ሐሳብ ሊቅም ነበረን። ዕለት ዕለት የደመናውን መልክ የሚያውቀው ግን ገበሬው ነው፤ እሱም ለጎረቤቱ ይነግረዋል። ጎረቤቱም ይሰማል፤ ይከራከራል፤ የአባቱን ዘመን ያነሣል። ሰሚ ያለው ሰው ለምን ይጽፋል? የእኛ ትንንሽ ወግ ወረቀት ላይ ያልቀረው ቡና ላይ ስላለቀ ነው እላለሁ። ድንቁርና የሚሉት አሉ፤ ለእኔ የጎረቤት ሀብት ነው። የኋይት መዝገብ ከጎረቤት ድህነት የተወለደ ነው።

ዛሬ በኋይት ቦታ ያለነው እኛ ነን፤ ውጭ አገር የምንኖረው። ፎቁ ላይ ካለው ጎረቤት ጋር ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ጤና አዳም በረንዳ ላይ በቀለልኝ ብሎ መንገር ግን ታሪኩን ሁሉ ከሥሩ ማስረዳት ይጠይቃል። ወደ አገር ቤት የሚላከው ደብዳቤና ካሴት ደግሞ ለዓመታት ለከባዱ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰላምታ፣ ገንዘብ፣ ለቅሶ፣ የሠርግ ቀን። ለጤና አዳም የሚሆን ቦታ አልነበረውም። አሁን አንዱ ከሚኒሶታ ሊጡ በጃንዋሪ ብርድ በስንት ቀን እንደ ቦካለት ለማያውቀው ሰው ወደ ስቶክሆልም ይጽፋል፤ ያኛው የራሱን ይመልሳል፤ ማሞቂያ አጠገብ ማስቀመጥ ይሻላል አይሻልም ይከራከራሉ። ሥራ ፈትነት ነው የሚሉ ዘመዶች አሉን። የእነዚህ ሰዎች የእርሾ ማስታወሻ ከብዙ የፖለቲካ ጽሑፋችን ይልቅ ስለ ስደት ኑሯችን ሳይናገር አይቀርም።

ባሪንግተን ለኋይት በየሳምንቱ የሚሞላ የታተመ ቅጽ አዘጋጅቶለት ነበር፤ ነፋስ፣ ሙቀት፣ ዝናብ፣ የትኛው ዛፍ አቆጠቆጠ፣ የትኛው ወፍ መጣ። ኋይት ከ1768 ጀምሮ ሞላው፤ ሃያ አምስት ዓመት ያህል፤ ጁን 26 ቀን 1793 እስከ ሞተበት ወር ድረስ። ቲሞቲ ከእሱ በኋላ ጥቂት ኖረች። ቅርፊቷ ለንደን፣ በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።