ከተኩሱ በፊት ያሉት አምስት ደቂቃዎች

በሰሜን ስፔን፣ በቡርጎስ አውራጃ፣ ሳንቶ ዶሚንጎ ዴ ሲሎስ ከምትባለው የገዳም ከተማ ብዙም ሳይርቅ አንድ ሸለቆ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደዚህ ሸለቆ ዶማና አካፋ የያዙ ሰዎች ይመላለሱ ጀመር። ከስፔን ከተሞችና ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች የመጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሣሩን ነቅለው፣ አፈሩን ገፍተው ያወጡት ክብ የድንጋይ ንጣፍ ነው። ንጣፉ የጥንት ቅርስ አይደለም፤ ከዚያ 49 ዓመት ቀደም ብሎ ለፊልም ቀረጻ የተነጠፈ ነው። በዙሪያው ያሉትን መቃብሮችም እንደገና አቆሟቸው። ለሥራው የሚውል ገንዘብ ያሰባሰቡት ደግሞ 15 ዩሮ የከፈለ ሰው ስሙ በአንዱ መቃብር ላይ እንዲጻፍለት በማድረግ ነው። በሺህ ከሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ገንዘብ ልከው በሐሰተኛ መቃብር ላይ ስማቸውን ያጻፉ ሰዎች አሉ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለአንድ ፊልም መጨረሻ ነው። ፊልሙ ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ ያዘጋጀው፣ በታኅሣሥ 1966 በጣሊያን ለሕዝብ የቀረበው «ደጉ፣ ክፉውና መልከ ጥፉው» ነው። ደጉን ብሎንዲን ክሊንት ኢስትውድ፣ ክፉውን ኤንጅል አይስን ሊ ቫን ክሊፍ፣ መልከ ጥፉውን ቱኮን ኢላይ ዋላክ ተጫውተውታል። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ እንደሚባለው፣ የቱኮ ሙሉ ስም ቱኮ ቤኔዲክቶ ፓሲፊኮ ሁዋን ማሪያ ራሚሬዝ ነው፤ በወንጀል ተይዞ ሊሰቀል ሲል ስሙ ሲነበብ ራሱን የቻለ ትርኢት ይሆናል።

ታሪኩ የሚጀምረው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መካከል፣ በኒው ሜክሲኮ ምድር ነው። ከደቡቦቹ ጦር የተሰወረ 200,000 ዶላር የሚያወጣ ወርቅ በአንድ መቃብር ውስጥ ተቀብሯል። ቱኮ የመካነ መቃብሩን ስም ያውቃል፤ ሳድ ሂል ይባላል። ብሎንዲ የሚያውቀው በመቃብሩ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። አንዱ ያለ ሌላው ወርቁን ሊያገኝ ስለማይችል፣ የሚጠላሉት ሁለቱ ሰዎች ላለመገዳደል ይገደዳሉ። ኤንጅል አይስ ደግሞ ሁለቱንም ይከታተላል። ሦስት ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ፊልም ሦስቱን በየመንገዱ እያጋጨና እያለያየ ወስዶ በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ያቆማቸዋል።

ያ ቦታ፣ ሳድ ሂል፣ የተሠራበት የቡርጎሱ ሸለቆ በፊት ባዶ መስክ ነበር። ሊዮኔና የዲዛይን ኃላፊው ካርሎ ሲሚ መቃብሮቹ በአንድ አደባባይ ዙሪያ በክብ ክብ እንዲደረደሩ ፈለጉ፤ የጥንት ሮማውያን ግላዲያተሮች የሚፋለሙበትን ዓይነት ሜዳ ነበር ያሰቡት። ሥራውን የሲሚ ረዳት የነበረው ካርሎ ሌቫ መራው፤ ጉልበቱን ያዋጡት የስፔን ጦር ወታደሮች ናቸው። አፈር እየከመሩ፣ የእንጨት መስቀል እየተከሉ አምስት ሺህ ገደማ መቃብር አበጁ።

የቁጥሩ ነገር መታለፍ የለበትም። በእውነተኛው የ1862 የኒው ሜክሲኮ ዘመቻ የሞተው ሰው በመቶዎች እንጂ በሺዎች የሚቆጠር አልነበረም፤ እንዲህ ያለ መካነ መቃብር በዚያ በረሃ ሊኖር አይችልም። ሊዮኔ በ1929 ሮም ውስጥ የተወለደ፣ የልጅነት ዕድሜውን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያሳለፈ ሰው ነው። አድማስ እስኪደርስ በመስቀል የተሞላው ሜዳ የአውሮፓ ጦርነቶች ሜዳ ይመስለኛል። መስቀሎቹን የተከሉት ወታደሮች ደግሞ የጄኔራል ፍራንኮ ወታደሮች ነበሩ። ቡርጎስ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የፍራንኮ ወገን መንግሥት መቀመጫ ነበረች። ጦርነቱ ካበቃ 27 ዓመት ብቻ ነበር ያለፈው፤ በየጉድጓዱ በጅምላ የተቀበሩ፣ መስቀልም ስምም ያልተደረገላቸው ሰዎች በመላ አገሪቱ ሞልተዋል። በዚያች አገር፣ በዚያ ጦር እጅ፣ ላልነበሩ ሟቾች አምስት ሺህ መቃብር ተሠራ። ሊዮኔ ይህን አስቦበት ይሁን አይሁን ፊልሙ ውስጥ ክብደቱ ይሰማል።

ሦስቱ ሰዎች እዚያ ከመድረሳቸው በፊት ሊዮኔ የጦርነቱን እብደት በደንብ ያሳየናል። ለአንድ ድልድይ ሲባል ሁለት ጦር በየቀኑ ይተላለቃል። ብሎንዲና ቱኮ ወደ መቃብሩ መሻገር ስለፈለጉ ብቻ ድልድዩን በፈንጂ ያፈርሱታል፤ ጦሮቹም የሚዋጉለት ነገር ሲያጡ ጥለው ይሄዳሉ። ከዚያ ብሎንዲ በፍርስራሽ ቤት ውስጥ ሊሞት የሚያጣጥር ወጣት ወታደር ያገኛል። ካፖርቱን ያለብሰዋል፤ ከሲጋራው ያስስበዋል። ልጁ ሲሞት እዚያው የወደቀ ፖንቾ አንስቶ ይለብሳል። የሊዮኔን ሁለት ቀዳሚ ፊልሞች ያየ ሰው ይህን ልብስ ያውቀዋል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ወደ ወርቁ የሚሄደው ሰው የሙታን ሠፈር ከመግባቱ በፊት አንድን ሟች ማስተዛዘኑ ነው።

ቱኮ ቀድሞ ይደርሳል። ቀና ሲል የመቃብር ባሕር ያያል። ስሙን ከብሎንዲ አውጥቷል፤ አርች ስታንተን ነው። ነገር ግን ከአምስት ሺህ ውስጥ አንዱን እንዴት ያገኘዋል? መሮጥ ይጀምራል። በፊልም ታሪክ ይህን ያህል የሚያስደስተኝ ሩጫ የለም። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ፣ ከዚያ እንደ እብድ ይሮጣል፤ ካሜራውም አብሮት ይሽከረከራል፤ መስቀሎቹ ተዋሕደው ግራጫ ጭረት ይሆናሉ። ሊዮኔ ለዋላክ ሳይነግረው አንድ ውሻ ወደ ሜዳው ለቅቆበታል፤ ቱኮ ውሻውን ሲያይ የሚደነግጠው ዋላክ በእውነት ስለደነገጠ ነው። ከላይ የኤዳ ዴል ኦርሶ ድምፅ ይወጣል። ቃል የለውም፤ ዜማ ብቻ ነው። ያ የኤኒዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃ «የወርቅ ሰመመን» ልንለው የምንችለው ሲሆን፣ የሮክ ባንዱ ሜታሊካ ከ1983 ጀምሮ ኮንሰርቶቹን ሲከፍትበት ኖሯል።

ቱኮ መቃብሩን አግኝቶ በሳንቃ ሲቆፍር ብሎንዲ አካፋ ይወረውርለታል። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ አካፋ ይወድቃል፤ ኤንጅል አይስ ደርሷል። ይሁንና በአርች ስታንተን መቃብር ውስጥ ያለው አጽም ብቻ ነው። ብሎንዲ ትክክለኛውን ስም በድንጋይ ላይ እንደሚጽፍ ይናገርና ድንጋዩን ከአደባባዩ መሐል ያስቀምጠዋል። ሦስቱም ወደ ኋላ እያፈገፈጉ በክቡ ጠርዝ ላይ ይቆማሉ፤ ፍጥጫውም ይጀመራል።

የመጀመሪያዋ ጥይት እስክትተኮስ አምስት ደቂቃ ገደማ ያልፋል። በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ አንድም ቃል አይነገርም። መጀመሪያ ካሜራው ከሩቅ ሆኖ ሦስት ትንንሽ ሰዎችን ያሳየናል። ከዚያ ወደ ወገብ፣ ወደ ሽጉጥ፣ ወደ እጅ ይጠጋል፤ የቫን ክሊፍ ጫፏ የተቆረጠች የመሐል ጣት ሳትቀር ትታያለች። በመጨረሻ ዓይን ብቻ ይቀራል። ምስሎቹ መጀመሪያ ረጅም፣ እየቆዩ አጭር፣ ወደ መጨረሻው የዓይን ጥቅሻ ያህል ይሆናሉ።

ለዚህ ውበት የገንዘብ እጥረት ድርሻ ነበረው። ሊዮኔና የካሜራ ባለሙያው ቶኒኖ ዴሊ ኮሊ የተጠቀሙት ቴክኒስኮፕ የተባለውን ዘዴ ነው። በተለመደው አሠራር አንድ ምስል በፊልሙ ጥቅል ላይ የአራት ቀዳዳ ያህል ቁመት ሲይዝ፣ በቴክኒስኮፕ የሚይዘው የሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ የጥሬ ፊልሙ ወጪ በግማሽ ይቀንሳል። ለሰፊ ስክሪን ሲባል የሚገጠመው ልዩ ሌንስም አያስፈልግም፤ በተራ ሌንስ ፊት ድረስ ተጠግቶ አጥርቶ መቅረጽ ይቻላል። ግንባርና አገጭ የተቆረጡበት፣ ስክሪኑን ከጫፍ ጫፍ የሞላ ጥንድ ዓይን የዚህ ርካሽ ዘዴ ስጦታ ነው። በዚያን ዘመን በጣሊያን ፊልሞች የተዋናዮች ድምፅ ከቀረጻ በኋላ ስለሚገባ፣ ታሪክን በፊትና በሙዚቃ መንገር ለሊዮኔ የዕለት ተዕለት ሥራው ነበር።

ሙዚቃውን የሠራለት ሞሪኮኔ ደግሞ የልጅነት ትምህርት ቤት ጓደኛው ነው፤ ሮም ውስጥ በአንድ ክፍል ተምረዋል። በፍጥጫው ጊዜ ጊታር ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ትራምፔቱ የሐዘን ይሁን የድል በማይለይ ዜማ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ዝቅ ብሎ እንደገና ይነሳል። ሙዚቃው ብቻውን ቢሰማ እንኳ ልብ ይሰቅላል። እኔ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ፤ ስክሪኑን ሳላይ የእያንዳንዱ ሰው ዓይን በየተራው ይመጣብኛል።

ታዲያ ምን እየጠበቅን ነው የምንጨነቀው? የካውቦይ ፊልም እያየ ያደገ ሁሉ አክተሩ እንደማይሞት ያውቃል። ክሊንት ኢስትውድ እንደማይሞት ገና ስንቀመጥ እናውቃለን። ፊልሙን በድጋሚ የሚያይ ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ ያውቃል፦ ብሎንዲ ከፍጥጫው በፊት በነበረው ሌሊት የቱኮን ሽጉጥ ጥይት አውጥቶበታል። ይህን እያወቁ ሲያዩት ትዕይንቱ ሌላ ይሆናል። የቱኮ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ይንከራተታል፤ ማንን ልምታ እያለ ያሰላል፤ ስሌቱ ግን ከንቱ ነው። ኤንጅል አይስ የሁለት ሰው ሽጉጥ ይፈራል፤ ከሁለቱ አንዱ ባዶ መሆኑን አያውቅም። የብሎንዲ ሥጋት አንድ ሰው ብቻ ነው። እኩል የሚመስለው ፍጥጫ ሲጀመርም እኩል አልነበረም። መጀመሪያ ጊዜ ስናይ ከቱኮ ጋር እንጨነቃለን፤ ከዚያ በኋላ ግን ከብሎንዲ ጋር ሆነን የሌሎቹን ፊት እናነባለን። መጨረሻው በታወቀ ቁጥር የሚጣፍጠው ለዚህ ነው።

ከዚህም በላይ የሚታየኝ ነገር አለ። ያ ባዶ ሽጉጥ የቱኮን ሕይወት አድኖታል። ቱኮ ጥይት ቢኖረው ኖሮ ብሎንዲ ሁለቱንም መግደል ይኖርበት ነበር። ተንኮል ነው፤ ግን ምሕረትም አለበት። ይህን ሰው «ደጉ» የሚያሰኝ ነገር በፊልሙ ውስጥ ፈልጉ ብባል፣ ከሟቹ ወታደር ቀጥሎ የምጠቅሰው ይህን ነው።

ፊልሙ በአሜሪካ ሲታይ ብዙ ሃያሲያን ጭካኔውንና ርዝመቱን ነቅፈው አልፈውታል። ታዋቂው ሃያሲ ሮጀር ኢበርት ያኔ ሦስት ኮከብ ሰጥቶት፣ ከዓመታት በኋላ ያወደሰው ባለ አራት ኮከብ ፊልም እንደነበር፣ ኮከብ ያጎደለበትም ምናልባት «ስፓጌቲ ዌስተርን»፣ ማለትም ጣሊያኖች የሠሩት የካውቦይ ፊልም፣ ስለሆነ እንደነበር ጽፏል። ኩዌንቲን ታራንቲኖ ፊልሙን ከሁሉ በላይ ካደረጉት ዳይሬክተሮች አንዱ ነው፤ ሽጉጥ ተማዝዘው የሚፋጠጡ ሰዎችን በ1992ቱ የመጀመሪያ ፊልሙ መጨረሻ ላይ አስገብቷል። የሊዮኔ ትዕግሥት ግን ከስንት አንዱ ጋር ነው የሚገኘው፤ የሚቀዳው መፋጠጡ ነው፤ መጠበቁ ይቀራል።

ኤንጅል አይስ በተከፈተ መቃብር ውስጥ ይወድቃል። በድንጋዩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ምክንያቱም ወርቁ ያለው ከአርች ስታንተን ጎን «ያልታወቀ» በተባለ መቃብር ውስጥ ነው። ቱኮ ቆፍሮ ወርቁን ሲያገኝ ቀና ይላል፤ ከፊቱ የስቅላት ሸምቀቆ ተንጠልጥሏል። ብሎንዲ እጁን አስሮ፣ በሚወዛወዝ የመቃብር መስቀል ላይ አቁሞ፣ ገመዱን በአንገቱ ያስገባለታል። የቱኮን ድርሻ ከእግሩ ሥር ትቶ፣ የራሱን ጭኖ ይሄዳል። ሁለቱ በፊልሙ መጀመሪያ የሚተዳደሩበት ማጭበርበር ይህ ነበር፤ ብሎንዲ ቱኮን አስይዞ ሽልማት ይቀበላል፤ ሊሰቀል ሲል ገመዱን በጥይት በጥሶ ያስመልጠዋል። አሁን ግን ፈረሰኛው ከኮረብታው ጀርባ ጠፍቷል፤ ቱኮ መስቀሉ ከእግሩ እንዳይንሸራተት ይንቀጠቀጣል፤ ስሙን እየጠራ ይጮኻል። ብሎንዲ ከሩቅ ብቅ ይላል፤ ጠመንጃውን ያነጣጥራል፤ ይተኩሳል። ቱኮ በፊቱ ወርቁ ላይ ይደፋል። እጁ እንደታሰረ ተነስቶ እየሮጠ ስድቡን ያወርድበታል፤ የመጨረሻውን የስድብ ቃል ግን ጨርሶ አይሰማም፤ የሞሪኮኔ የተኩላ ጩኸት የሚመስል ዜማ ከአፉ ነጥቆ ይጨርስለታል።