በአንዲት «ና» የተጣመሩ ሁለት ትምህርቶች

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች «ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን» ተብሎ የሚጠራው የትምህርት ዘርፍ፣ የሚሰጠው ዲግሪ አንድ ቢሆንም የትውልድ ሐረጉ ከሁለት ወገን ይመዘዛል። አንደኛው ከማተሚያ ቤትና ከዜና ክፍል የወጣው የጋዜጠኝነት ሙያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰዎች መልእክት የሚለዋወጡበትን መንገድና መልእክቱ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ የሚመረምረው፣ በአማርኛ «ተግባቦት» የሚል አቻ የተሰጠው የኮሙኒኬሽን ጥናት ነው። ተማሪው ዜና አጻጻፍንና ንድፈ ሐሳብን ጎን ለጎን የሚማርበት ምክንያት የሚገኘውም ሁለቱ ወገኖች በአሜሪካ በተገናኙበት ታሪክ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ በአሜሪካ ጋዜጠኛ ለመሆን የሚሻ ወጣት ሙያውን የሚቀስመው እንደ ማንኛውም የእጅ ባለሙያ ነባሩን ሠራተኛ እያገለገለ ሲሆን፣ ብዙዎችም ጅማሯቸው በማተሚያ ቤት ፊደል መልቀም ነበር። ዕውቁ የጋዜጣ ባለቤት ጆሴፍ ፑሊትዘር በ1892 በኒው ዮርክ ለሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ማቋቋሚያ ገንዘብ ለመስጠት ቢጠይቅም ተቀባይነት አላገኘም፤ ትምህርት ቤቱ በሩን የከፈተው እሱ ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1912 ነው።

በዚህ መካከል ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ተገኘ። የሚዙሪን የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የመሠረተው ዋልተር ዊልያምስ በልጅነቱ በማተሚያ ቤት ተላላኪነት የጀመረ፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያልነበረው የጋዜጣ አዘጋጅ ሲሆን፣ በኋላ ግን የዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደርሷል። ሴፕቴምበር 14 ቀን 1908 ትምህርት በተጀመረበት በዚያው ዕለት «ዩኒቨርሲቲ ሚዙሪያን» የተባለው ጋዜጣ የመጀመሪያ እትሙን አወጣ። ጋዜጣው በመምህር ታርሞ መሳቢያ ውስጥ የሚቀር የክፍል ሥራ አልነበረም፤ ተማሪዎቹ ዘጋቢዎች፣ መምህራኑ አርታኢዎች ሆነው ለከተማው ነዋሪ የሚያዘጋጁት በመሆኑ፣ አንድ ተማሪ የሰው ስም ቢያሳስት ስሕተቱን የሚያየው መምህሩ ብቻ ሳይሆን ባለስሙም ጭምር ነበር። በሥራ መማርን መሠረት ያደረገው ይህ አካሄድ እስከ ዛሬ «የሚዙሪ ዘዴ» ይባላል።

ሁለተኛው ወገን የተወለደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። ዊልበር ሽራም የሥነ ጽሑፍ ምሁር ሲሆን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በከባድ የመንተባተብ ችግር ይቸገር ስለነበር በሁለተኛ ደረጃ ምረቃው ዕለት ንግግር በማድረግ ፈንታ ዋሽንት እንደተጫወተ ይነገርለታል። በጦርነቱ ወቅት ዋሽንግተን በሚገኘው የመንግሥት የጦርነት መረጃ መሥሪያ ቤት ካገለገለ በኋላ በ1943 የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነ፤ በ1947 ደግሞ ወደ ኢሊኖይ ተሻግሮ ተግባቦትን ራሱን የቻለ የምርምርና የዶክትሬት ዘርፍ አድርጎ አቋቋመ።

ለአዲሱ ዘርፍ መነሻ ከሆኑት ሐሳቦች አንዱ የመጣው ከስልክ መሐንዲስ ነው። ክሎድ ሻነን በ1948 ባሳተመው ጥናት መልእክት ከላኪ ተነሥቶ በማስተላለፊያ መስመር ወደ ተቀባይ ሲጓዝ በመንገዱ በሚገጥመው ሁካታ፣ ማለትም ሲግናሉን በሚያዛባ ነገር ሁሉ፣ እንደሚታወክ በቀመር አሳየ፤ የመልእክቱ ትርጉም ግን የጥናቱ ጉዳይ አልነበረም። ሽራም በ1954 በዚህ ላይ የጎደለውን ጨመረበት፤ የላኪንና የተቀባይን የሕይወት ልምድ በሁለት ክበቦች ሥሎ፣ መግባባት የሚኖረው ክበቦቹ በሚደራረቡበት ስፍራ ብቻ መሆኑን አስረዳ። የግብርና ባለሙያ ስለ ናይትሮጅን በቃላት ብቻ ቢያብራራ፣ ናይትሮጅን የሚለውን ስም ሰምቶ የማያውቅ ገበሬ ላይከተለው ይችላል፤ ባቄላ የከረመበት መሬት ለስንዴ እንደሚመች ከሚያውቀው እውቀት ቢነሣ ግን ክበቦቹ ይደራረባሉ።

የሽራም ተማሪ የነበረው ዴቪድ በርሎ ይህንኑ ትምህርት ይዞ ወደ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ከኢትዮጵያ ስመ ጥር ደራስያንና ጋዜጠኞች አንዱ የሆነው በዓሉ ግርማ በ1960ዎቹ ጋዜጠኝነትን ያጠናው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ወደ አገሩ ተመልሶ «መነን» መጽሔትንና «አዲስ ዘመን» ጋዜጣን በዋና አዘጋጅነት መርቷል። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ጋዜጠኞች ሙያውን የሚማሩት እዚያው ሥራው ላይ ነበር፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤቱ ሲቋቋም ግን ሁለቱን ወገኖች በስሙ አጣምሮ ነው።

ጥምረቱ ያለ ክርክር የጸና አይደለም፤ የዜና ሰዎች ንድፈ ሐሳቡን ከሥራ የራቀ ይሉታል፣ ተመራማሪዎች በበኩላቸው ሥራውን ብቻ መማር ለዩኒቨርሲቲ አይበቃም ይላሉ። ይሁንና የ1908ቱ የሚዙሪ ተማሪ የዜናውን ባለቤት በየመንገዱ ያገኘው ስለነበር፣ ሽራም በወረቀት ላይ ያነባበራቸው ክበቦች በእሱ ዘንድ የሚኖርባትና የሚዘግብላት አንዲት ከተማ ነበሩ።