ከዶጋሊ ሐውልት ሥር

ሐምሌ በአዲስ አበባ የዝናብና የጭቃ ወር ነው፤ በሮማ ግን የፀሐይ ነው። ድንጋዩ ይግላል፤ አገሬው በቀትር መስኮቱን ዘግቶ ከጥላ ይሸሸጋል፤ በአደባባይ የሚቀረው አገር ጎብኚ ብቻ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም በእንዲህ ያለ ቀን ከተማይቱን ለማየት ወጥቼ ነበር። በየመንገዱ ዳር ሳያቋርጡ ውሃ ከሚያፈሱት፣ ሮማውያን ስለ ቧንቧቸው ቅርጽ «ትልልቅ አፍንጫዎች» ከሚሏቸው የብረት ምንጮች እየጠጣሁ፣ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጉዞዬን ጀመርሁ።

በጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ሜዳ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አውቶቡስ ለመሳፈር የሚሻማው ሕዝብ አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ የሚጠይቅ አይመስልም። ለእኛ አካባቢ ሰው ግን ስሙ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1887 ራስ አሉላ እንግዳ ከምጽዋ ብዙም በማይርቀው በዶጋሊ፣ በሌተና ኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ የሚመራውን አምስት መቶ ያህል የጣልያን ጦር ደመሰሱ። ጣልያንም ሽንፈቱን በጀግንነት ስም አስጌጣ፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ለሟቾቹ ሐውልት አቆመች።

ሐውልቱ ከጣቢያው ጥቂት ደቂቃ በእግር በሚያስኬድ የአትክልት ሥፍራ ይገኛል፤ መጀመሪያ ከቆመበት ወደዚህ የተዛወረው በ1920ዎቹ ነው። የወደቁት ወታደሮች ስም ተቀርጾበታል። አናቱ ላይ የቆመው ድንጋይ ግን የጣልያን አይደለም። የግብፁ ፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስ ያስቀረጸው ሲሆን፣ በጥንት ዘመን ወደ ሮማ ተወስዶ በኢሲስ ቤተ መቅደስ ቆሞ ነበር፤ ከዚያም ተቀብሮ ኖሮ በ1883 ተቆፍሮ ወጣ። ከአፍሪካ የተወሰደ ድንጋይ፣ አፍሪካን ለመያዝ ሄደው ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ሆነ ማለት ነው።

ፋሺስቶችም በ1937 በዚሁ ሐውልት ሥር ሌላ ምርኮ ጨመሩ። በ1930 ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል በአዲስ አበባ የቆመውን የይሁዳ አንበሳ አምጥተው አኖሩበት።

ይህን አንበሳ በ1938 በሰኔ ወር አንድ ወጣት ኤርትራዊ አየው። ስሙ ዘርዓይ ደረስ ነው። በጣልያን በግዞት ለነበሩ የኢትዮጵያ መኳንንት አስተርጓሚ ሆኖ የመጣ ሰው ነበር። ከአንበሳው ፊት ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስነሱት ሲሞክሩም ጎራዴውን መዘዘ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ እንደ ተራኪው ይለያያል። በልጅነታችን የሰማነው በሰልፍ መካከል ብዙ ፋሺስቶችን እንደ ገደለ ነው፤ የጣልያን ሰነዶች ግን ሰዎችን እንዳቆሰለ ይናገራሉ። ከመቁጠሩ ይልቅ እኔን የያዘኝ የሰውየው ሥራ ነው። አስተርጓሚ የሌላውን ቃል ያደርሳል እንጂ የራሱን አይናገርም፤ እኔም እንጀራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ዘርዓይ በዚያ ቀን ቃሉን ለራሱ አደረገ። የገዢዎቹን ቋንቋ ያውቅ ነበርና ሌላው ጎብኚ እንደ ጌጥ ያለፈውን ሐውልት እርሱ አንብቦ ተረዳው። ፋሺስቶቹ እንደ እብድ ቆጥረው በሲሲሊ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ዘጉበት፤ በዚያም በ1945 አረፈ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ፖርታ ካፔና ወረድሁ። የአክሱም ሐውልት በ1937 የተተከለው እዚህ፣ በኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መቀመጫ በሆነው ሕንፃ ፊት ነበር። ጣልያን ሊመልሰው በ1947ቱ የሰላም ውል ግዴታ ገብቶ ሳለ፣ ወደ አገሩ የገባው በ2005 ነው፤ በ2008 አክሱም ላይ ዳግመኛ ቆመ። አንበሳውም ቀደም ብሎ፣ በ1960ዎቹ፣ ተመልሶ በለገሃር ቆሟል።

እንግዲህ ድንጋዩም ነሐሱም ቤታቸው ገብተዋል። ከአንበሳው ፊት የተንበረከከው ሰው ግን አገሩን ዳግመኛ ሳያይ ቀረ። በቴርሚኒ የሚያልፍ አንባቢ ቢኖር፣ ባቡሩ እስኪደርስ እስከዚያች አትክልት ሥፍራ ይራመድ። የተቀረጹትን ስሞች ካነበበ በኋላ፣ ያልተቀረጸውንም አንድ ስም ያስታውስ።