ውጅግራ እና ቀለሁ

ከጊደር መጋላ ወደ ራምቦ ቤት የሚሄደውን ቱሪስት ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ጥይት ነው። (ቤቱ እንኳ የተሠራው ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው፤ ይሁን።) በ1879 ዓ.ም. ራምቦ ለምኒልክ ያመጣው 2,000 ገደማ ጠመንጃ አውሮፓ ከጣለው 40 ዓመት ሆኖት ነበር። ሊዬዥ 7 እና 8 ፍራንክ የሚያወጣ፣ እኛ ዘንድ 40 ገደማ! ሒሳቡም ሐረር ላይ በደጃዝማች መኮንን በኩል እንዲከፈል ተላለፈ።

አብሮ የመጣው ግን 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነው።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ «ስንት ጠመንጃ ገባ?» ትሉኛላችሁ። እኔ ምን ይጎርሳል እላለሁ። በአፈሙዙ የሚጎርሰው አሮጌው፣ አረሩ ቀጠን ቢል በጨርቅ ተጠቅልሎም ይተኮሳል። ግብፆች በ1868 ሐረር ይዘውት የገቡት ሬሚንግተን እንዲህ አይታለልም። አረሩ ከቀጠነ ጋዙ በጎን ያመልጥና ዒላማ ይስታል፤ ከወፈረ ግፊቱ ያይላል።

የግብፁ ሬሚንግተን 11.43 ሚሊሜትር ይባላል፣ ውጅግራ 11። በክብደት አረራቸው አይራራቅም፤ 25፣ 26 ግራም ቢሆን ነው። ቀለሁ ላይ ነው ጣጣው፦ የውጅግራው 59 ሚሊሜትር፣ የሬሚንግተኑ 50። የአንዱ ለሌላው አይገባም። እርሳሱን ግን አቅልጦ እንደገና ማፍሰስ ይቻላል።

ለበን ይህንንም አስቀረ። 8 ሚሊሜትር፣ ጭስ አልባ ባሩድ፣ ብረት የለበሰ 15 ግራም አረር። ጓዳ ውስጥ የፈሰሰ እርሳስ ያን ፍጥነት አይችልም። ፈረንሳዮች ለበን ሲታጠቁ የተረፋቸው ውጅግራ በገፍ ወደኛ መጣ፤ በ1888 ዓድዋም ወረደ። እዚያ ከጣልያን የተማረከው ቬተርሊ ደግሞ 10.35! ሌላ አረር፣ ሌላ ቀለህ።