ዓይንን የሚያጸናው ጆሮ

ራስ ወደ ቀኝ ሲዞር ዓይኖች በዚያው ፍጥነት ወደ ግራ ይዞራሉ። ሰው እየተራመደ ጽሑፍ የሚያነበው፣ እየሮጠ ፊት የሚለየው በዚህ ደመነፍሳዊ እንቅስቃሴ ነው። ትእዛዙ ግን የሚመጣው ከጆሮ ነው፤ ይህ እስኪታወቅ ብዙ ዘመን አልፏል።

በ1792 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ቻርልስ ዌልስ በራሱ ላይ ሙከራ አደረገ። ብርሃን ትኩር ብሎ ካዩ በኋላ ዓይን ውስጥ የሚቀረውን ምስል እንደ ምልክት ተጠቅሞ፣ ተሽከርክሮ የቆመ ሰው ዓይኖቹ ሳይታወቀው እንደሚንቀሳቀሱ አሳየ። በ1820ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍሉራንስ በእርግቦች ውስጠኛ ጆሮ ያሉትን ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አንድ በአንድ ቆረጠ፤ የወፏ ራስ በተቆረጠው ቱቦ አቅጣጫ ይወዛወዝ ጀመር። ሙከራው ጭካኔ ነበረበት፤ ፍንጩ ግን እውነተኛ ነበር። በ1873 እና በ1874 ሦስት ተመራማሪዎች፣ ማኽ በፕራግ፣ ብሮየር በቪየና፣ ክራም ብራውን በኤዲንብራ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ ራስ ሲዞር በቱቦዎቹ ያለው ፈሳሽ ወደኋላ እንደሚቀርና የመዞር ስሜት ከዚህ እንደሚመጣ ደረሱበት።

ጉዳዩን ወደ ሕክምና ያመጣው የቪየናው ሐኪም ሮበርት ባራኒ ነው። የታካሚዎችን ጆሮ በውኃ ሲያጥብ ብዙዎቹ ያዞራቸዋል፣ ዓይናቸውም ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል። አንድ ታካሚ የሚያዞረው ውኃው ሲቀዘቅዝ እንደሆነ ነገረው። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ግን ዓይኑ በተቃራኒው አቅጣጫ ዋዠቀ። ባራኒ የውኃ ማሞቂያ በርሜልን አሰበ፤ የሞቀ ፈሳሽ ይወጣል፣ የቀዘቀዘ ይወርዳል፤ በቱቦዎቹም እንዲሁ ነው። የ1914 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው በሩሲያ የጦር ምርኮኛ ነበር፤ በ1916 ተፈታ።

ዓይንን የሚያጸናው ይህ የጆሮ ምላሽ ሲጠፋ ሰው ምን እንደሚሆን ከሁሉ በላይ የገለጸው ራሱ ታካሚ የሆነ አንድ ሐኪም ነው። ስትሬፕቶማይሲን የጆሮውን የሚዛን ክፍል አጥፍቶበት በ1952 እንደጻፈው፣ አልጋ ላይ ለማንበብ ራሱን በአልጋው የብረት ዘንጎች መካከል ሰክቶ ማቆም ነበረበት። የልቡ ምት ራሱን በጥቂቱ ስለሚያነቃንቀው ብቻ ፊደላቱ ይዘሉበት ነበር።

በ1988 የሲድኒዎቹ ሃልማጊና ከርቶይስ ቀላል መመርመሪያ አቀረቡ። ታካሚው የሐኪሙን አፍንጫ እያየ ሐኪሙ የታካሚውን ራስ በድንገት ያዞራል፤ ዓይኖቹ አብረው ሄደው ዘግይተው ከተመለሱ፣ ራስ በዞረበት በኩል ያለው ጆሮ ተጎድቷል። ለዚህ ምርመራ ከሐኪሙ ሁለት እጆችና ዓይኖች ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።