ከሳንባ ምች ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል፦ የሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1930 በኒውዮርክ የሮክፌለር ኢንስቲትዩት ሆስፒታል ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ በሳንባ ምች የታመሙ ሰዎችን ሴረም ሲመረምሩ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። ከኒሞኮከስ ባክቴሪያ የተገኘውና «ክፍልፋይ ሲ» ያሉት ንጥረ ነገር፣ ሕመሙ በበረታበት ወቅት ከተቀዳ ሴረም ጋር ሲቀላቀል ዝቃጭ ይሠራል፤ በሽተኛው ካገገመ በኋላ በተቀዳው ግን አይሠራም። ነገሩ ፀረ-አካል ቢሆን ኖሮ በማገገሚያው ወቅት ሊጨምር እንጂ ሊጠፋ ባልተገባው ነበር። በ1941 ኦስዋልድ ኤቨሪና ባልደረቦቹ ፕሮቲን መሆኑን አሳዩ፤ ስሙንም ከዚያው «ሲ» ወረሰ።

ፕሮቲኑ በጉበት የሚሠራ ሲሆን በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናት ወደ ፅንስ የሚያልፈው መጠን ኢምንት ነው። ስለሆነም በጨቅላው ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሲገኝ የራሱ የጨቅላው ምላሽ ነው። ይህም ያለጊዜያቸው የተወለዱትን ለሚያክሙ ሐኪሞች ተስፋ ሰጪ ነበር፤ በእነዚህ ሕፃናት ላይ ኢንፌክሽን የሚገለጠው በትንፋሽ መቆራረጥ፣ በሰውነት መቀዝቀዝ ወይም ወተት ባለመቀበል ሲሆን፣ እነዚሁ ምልክቶች ያለኢንፌክሽንም ይታያሉና። የደም ካልቸር ደግሞ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ያስጠብቃል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ፊሊፕና ሂዊት አምስት ምርመራዎችን አጣመሩ፤ እነርሱም የነጭ ደም ሕዋሳት ብዛት፣ ያልበሰሉ ኑትሮፊሎች ድርሻ፣ ኢ.ኤስ.አር.፣ ሃፕቶግሎቢንና ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ናቸው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሲዛቡ የኢንፌክሽን ዕድል 39 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ብቻ ሲዛባ ወይም አንዱም ሳይዛባ ሲቀር ግን ኢንፌክሽን ያለመኖሩ ዕድል 99 በመቶ ደረሰ። ክብደት የሚሰጠው ለሁለተኛው ቁጥር ነው። ምርመራው ሕመምን ከማረጋገጥ ይልቅ ጥርጣሬን ማስወገድ ይቀናዋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጉበት ፕሮቲኑን ለማምረት ሰዓታት ስለሚወስድበት፣ ገና ሲያም የተቀዳ ደም ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ያለጊዜያቸው በተወለዱት ላይ ምላሹ ይበልጥ ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ቤኒትዝና ባልደረቦቹ በ24 ሰዓት ልዩነት የሚደረግ ተደጋጋሚ ልኬትን አጠኑ፤ ጥያቄውም «አንቲባዮቲክ እንጀምር?» ከሚለው ወደ «መቼ እናቁም?» ዞረ።

ጥያቄው በሁለቱም ወገን ሕይወት ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመውና በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተካሄደው ጥናት፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት የ30 በመቶ ያህሉ ዋነኛ መንስኤ ኢንፌክሽን ነበር። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ እጅግ ዝቅተኛ ክብደት ኖሯቸው ካልቸራቸው ምንም ሳያበቅል አምስት ቀንና ከዚያ በላይ አንቲባዮቲክ በወሰዱት ላይ የአንጀት ብግነትና መበስበስ ወይም ሞት በዝቶ መታየቱን ገልጿል።

እ.ኤ.አ. በ1993 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ያስተዋወቁት ፕሮካልሲቶኒን ቀድሞ ይነሣል፤ ነገር ግን በጤነኛ ጨቅላም ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በተፈጥሮው ከፍ ይላል። በዚህ ልኬት መመራት የአንቲባዮቲክ ቆይታን ከ65 ወደ 55 ሰዓት ማሳጠሩን ያሳየው የ2017 ሙከራ የተቀበለው ግን 34 ሳምንት የሞላቸውን ብቻ ነበር።