ከመዝገበ ዕውቀት ሊገባ የሚገባው ሙዚቀኛ ማን ነው?

መዝገበ ዕውቀት በሚዘጋጅበት ጊዜ አዘጋጆቹን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያከራክራቸው ነገር፣ ማን ይግባ፣ ማንስ ይቅር የሚለው ነው። ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ጦር አዛዥ የሆነ እንደ ሆነ ክርክሩ አጭር ነው፤ ዐዋጁና የዘመቻው ታሪክ ይመሰክሩለታልና። ክርክሩ የሚረዝመው ከመንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሳይገባ፣ ከአሳታሚ ኩባንያም ጋር ሳይዋዋል፣ በገዛ ገንዘቡና በገዛ ድካሙ ስለሚሠራ ሙዚቀኛ በሚነሣበት ጊዜ ነው።

ነገሩን ከሐዋሳ ጀምረን እንመልከተው። የፍቼ ጨምበላላ በዓል ሲደርስ የሲዳማ ሕዝብ በጉዱማሌ ተሰብስቦ ቄጣላ ይጨፍራል፤ አውራጁ ያወርዳል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ይህን በዓል ዩኔስኮ በ2015 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ከማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ አግብቶታል፤ ስለዚህ ስለ በዓሉ ለመጻፍ የሚፈልግ ሰው ማስረጃ አይቸግረውም። ያ መዝገብ የሚቀበለው ግን ሥርዓቱን እንጂ አውራጁን አይደለም። በሲዳምኛ ዘፍኖ፣ ዘፈኑን ራሱ አስቀርጾ ራሱ የሚያሠራጨው የሐዋሳ ሙዚቀኛማ፣ ስሙን በየሰፈሩ ሰው ሁሉ እያወቀው ለአዘጋጅ የሚያሳየው ወረቀት ሊያጣ ይችላል።

በ2001 የተጀመረውና ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚነበበው ዊኪፔዲያ ለዚህ ክርክር የጻፈው ደንብ አለ። ሙዚቀኛው ወይም ወኪሉ ያልጻፈው፣ በታመነ ጋዜጣ ወይም መጽሐፍ የወጣ፣ ሰፋ ያለ ጽሑፍ ከአንድ በላይ ይፈልጋል። በአገሩ የሽያጭ ሠንጠረዥ ስሙ የወጣ፣ ታላቅ ሽልማት የተቀበለ፣ ወይም በታወቀ አሳታሚ ሁለት አልበም ያወጣ እንደ ሆነም ተስፋ አለው። ደንቡን የሚነቅፉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን በመሠረቱ ትክክል ነው እላለሁ። ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት በዳኛ ፊት እንደማይጸና ሁሉ፣ በመዝገብም ሊጸና አይገባውም። ይህ ባይሆን መዝገቡ ገንዘብና ጊዜ ላለው ሁሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ በሆነ ነበር።

ዳሩ ግን ደንቡ ሳይናገረው የሚገምተው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሙዚቀኛው በሚኖርበት አገር ስለ ሙዚቃ እየመረመረ የሚጽፍ ጋዜጣ፣ ሽያጭ የሚቈጥር ድርጅት፣ ሽልማት የሚሰጥ ማኅበር ይኖራል የሚል ነው። በእኛ አገር የማኅሌታይ ያሬድ ስም ግንቦት 11 ቀን በስንክሳር የሚነበበው ካህናቱ ስለ ጻፉለት ነው፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም ከመቶ ዓመት በፊት በርሊን ላይ ድምፁን በሸክላ ስላስቀረጸ ማስረጃ ተገኘለት። በየጠጁ ቤት ማሲንቆውን ይዞ ሲያጫውት የኖረውን አዝማሪ ግን ማን ጻፈለት? በኋላም ቢሆን ለብቻ መሥራት ቀላል አልነበረም። በ1948 በወጣ ዐዋጅ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር፤ በ1969 ዐምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት ይህን ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ እስኪያወጣ ድረስ፣ ከማኅበሩ ውጭ የሚቆም አሳታሚ በሕግ በኩል መንገድ አልነበረውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። ኃይሉ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው በዋልያስ ባንድ ውስጥ የኦርጋን ተጫዋች ነበረ፤ የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ባንዱ በ1977 ባወጣው ሸክላ ይገኛል። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ከተጫዋቾቹም አንዳንዶቹ በዚያው ሲቀሩ ኃይሉ አንዱ ሆነ። በ1985 በዋሽንግተን ሳለ ባንድ ሳያቋቁም፣ አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ መሣሪያውን ብቻውን እየደራረበ የኢትዮጵያን ዜማዎች በካሴት ቀረጸ። ካሴቱ ወደ አገር ቤት ገብቶ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ኑሮውን የገፋው ታክሲ በመንዳት ሲሆን፣ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ እየጠበቀ ሳለ በመኪናው የያዘውን ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር።

በዚያ ዘመን ስሙ ለመዝገብ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ አዘጋጁ ምን ይል ነበር? ካሴቱን ያወጣው ዓለም የሚያውቀው ኩባንያ አይደለም፤ በአዲስ አበባ የታተሙትንም ሸክላዎች አዘጋጁ አያውቃቸውም። ስለዚህ «አይገባም» ብሎ ወረቀቱን በመለሰው ነበር፤ እንደ ደንቡም ባልተሳሳተ። ቆይቶ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ከባሕር ዳር አገኘ፤ ባለቤቱንም ፈልጎ ካገናኘው በኋላ በ2013 እንደ ገና አሳተመው። የውጭ አገር ጋዜጦች ጻፉ፤ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላም በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጣ። በ28 ዓመት ውስጥ በካሴቱ ላይ አንድም ድምፅ አልተጨመረበትም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በ1967 በጀርመን አገር ለበጎ አድራጎት ብለው ያሳተሙት የፒያኖ ሥራቸው በዓለም የተሰማው በ2006፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ በ21ኛው ክፍል ሲወጣ ነው። በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ግን የዓለም ጋዜጦች ሁሉ አወቋቸው።

በሁለቱም ዘንድ ምስክሩ የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ካሴቱ በባሕር ዳር ሳለ እኛ እዚሁ ነበርን፤ ስለ እርሱ አንድ ገጽ ለመጻፍ ፓስፖርት የሚያስፈልገን አልነበረም። ለሐዋሳው ሙዚቀኛም ሌላ ባዕድ መንገደኛ እስኪመጣ መጠበቅ አያሻም፤ ከተማይቱ ሬዲዮም ዩኒቨርሲቲም አላት። ይሁን እንጂ የተለመደው የሬዲዮ ጭውውት፣ ሙዚቀኛው ስለ ራሱ የሚናገርበት ስለ ሆነ፣ በአዘጋጆች ፊት ክብደት የለውም። የሚፈለገው ጸሓፊው ራሱ መርምሮ የሚጽፈው ነው፤ ዘፈኑ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ቤት ተቀረጸ? ክራሩን ማን መታ? ዜማው ከቄጣላ የወሰደው ምንድን ነው? የደከመበትስ የት ላይ ነው? ነቀፌታ የሌለበትን ጽሑፍ አዘጋጅ እንደ ማስታወቂያ ይቈጥረዋል። የእኛ ጋዜጦች ሙዚቀኛን በሰፊው የሚያነሡት በቀብሩ ማግሥት መሆኑ ደግሞ ለታሪክ ጸሓፊ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ያን ጊዜ ሙዚቀኛውን መጠየቅ አይቻልምና።

እስከዚያው ድረስ ስሙ ለቀረበ ሙዚቀኛ ምን ይደረግ ለሚለው የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ሁለት የታመኑ ጽሑፎች ካልተገኙለት ለብቻው አርእስት አይሰጠው፤ ነገር ግን አይጣል። ስለ ሲዳማ ሙዚቃ በሚናገረው አርእስት ሥር ስሙ፣ የዘፈነበት ቋንቋና የተቀረጸበት ዓመት፣ ማስረጃ በተገኘለት መጠን በአንድ አንቀጽ ይግቡ። አዘጋጁም ወረቀቱን ሲመልስ «አይገባውም» ብሎ ከመጻፍ «ገና አልተጻፈለትም» ብሎ ይጻፍ፤ የጐደለው ምን እንደ ሆነም ከሥሩ ይዘርዝር።